ሁሉም የግራ እግር

ወንበሩን ገዝታ ያመጣችው ልጁ ናት። ቡናማ፣ ሰፊ፣ ወደኋላ የሚንጋለል ወንበር፤ ተሸካሚዎቹ በሩን ነቅለው ነው ያስገቡት። «አባዬ፣ ቆዳ ነው እኮ! ቆዳ ስለምትወድ ብዬ ነው» አለችው። ጋሽ ወስፌ በደህናው እጁ አንዴ ዳበስ አደረገው። ላስቲክ! ቆዳ በህልሙም ያላየ ላስቲክ። ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲቆርጥ፣ ሲበሳና ሲሰፋ የኖረ ሰው እርጅናውን ላስቲክ ላይ ተጋድሞ ሊጨርስ ነው። ግን ለልጅ ምን ይባላል? «ተባረኪ፣ የኔ እናት» አላት። ልጅቷ እንደወጣች ወደ ሚስቱ ዞረና «እቺ ልጅ ያንቺ ብቻ ናት» አለ።

ወስፌ ስሙ አይደለም፣ የወጣለት ነው። በወጣትነቱ ቀጭን፣ ረዥም፣ ጫፉ ሹል ነበር፤ ምላሱም እንደዛው፣ የነካውን ሳይበሳ አይመለስም። ጫማ ሊያሰራ የመጣ ሰው ስለ እግሩ ጠረን ሳይሰማ አይሄድም። ቢሆንም ይመጣሉ፤ እንደሱ የሚሰራ የለማ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ቀበቶ እየሰፋ መሳሪያው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳ ሲል እጁ እምቢ አለ። «አንሳ እንጂ!» አለው፣ እንደ ሰነፍ ሰራተኛ። እጁ ዝም። ሊነሳ ሲል እግሩም አብሮ አድሞ ኖሯል። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁ ጭራሽ ሄደ፣ ቀኝ እግሩ ግማሹን ሄደ፣ አፉ ግን እንዳለ ቀረ። ሰፈርተኛው ደግሞ ለሐሜት ማን ብሎት፤ «እግዜርም ቦታ ይስታል ማለት ነው? ምላሱን ትቶ እጁን ይወስዳል?» ይባባል ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ተዘጋ፣ ወንበሩ መጣ። ሚስቱ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሰው ስታስታምም ግን እንደ ልብስ አጣቢ ናት፤ ፈተግ ፈተግ ነው። ቁልፉን ትቆልፋለች፣ ዚፑን ትስባለች፣ «አፍህን ክፈት»፣ «ዋጥ»፣ «አገጭህ ላይ ቀረ፣ ቆይ» ትላለች። ትናንት በአፉ ሰው ሲያስለቅስ የኖረ ሰውዬ ዛሬ አገጩን ይጠረጋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንበሩ ላይ አጋድማው ወደ ጓዳዋ ትሄዳለች። ሲሞቅ ላስቲኩ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፤ ሊነሳ ሲል ጢቅ ይላል። «ይሄ ወንበር እየላሰኝ ነው፣ አንድ ቀን ይውጠኛል» ይል ነበር።

ያዳነው ሰፈር ውስጥ ያለው የጎልማሶች ማሰልጠኛ ነው። የቆዳ ሥራ ለጀማሪዎች ሊከፍቱ አስተማሪ ጠፍቶ፣ ሰው ጠቆመና ኃላፊው ራሱ ቤት ድረስ መጣ። ክራባት ያሰረ ልጅ እግር ነው፤ ጓዳ ውስጥም ቢሆን ማይክሮፎን የያዘ ይመስል ነው የሚያወራው። ሳል ያደርግና «በመሠረቱ» ይላል። «በመሠረቱ አባቴ፣ እጅዎ ባይሰራም ልምድዎ አለ። ተማሪ ግን ፕሮጀክት ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ኤግዚቢሽን አለን፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ያለቀለት ሥራ ያቀርባል። ከቀረበ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልቀረበ፣ በመሠረቱ፣ ክፍሉን የሚጠብቁ አሉ።»

የሚጠብቁት የፀጉር ሥራ ሰልጣኞች ናቸው። የፀጉር ማድረቂያ ካስካቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ከቆሙ ሰነባብተዋል።

ጋሽ ወስፌ ሌላውን አልሰማም። ከወንበሩ የሚነሳበት ቀን መኖሩን ብቻ ነው የሰማው። «እሺ» አለ፣ ልጁ ሳይጨርስ።

ክፍሉ ረዣዥም ጠረጴዛዎች ያሉት፣ መስኮቱ ወደ ጋራዥ የሚያይ ክፍል ነው። ከተማሪዎቹ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል፤ ሌሎቹ እነሱ ሲስቁ ይስቃሉ፣ እነሱ ሲያጠፉ ያጠፋሉ። አንዱ ባለታክሲው ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋ ወሬው አይጠፋም። ሌላዋ ጡረታ የወጣች ጸሐፊ ናት፤ ሁሉም እትዬ ታይፕ ነው የሚላት። ለምን ቢባል ቆዳ ስትበሳ ልክ እንደ ድሮው ማሽኗ፣ ሳታይ፣ በፍጥነት፣ ጧ ጧ ጧ ነው።

መጀመሪያ ቀለል ይበል ብሎ የቁልፍ ማንጠልጠያ አሰራቸው።

«ጋሼ» አለ ባለታክሲው፣ «እኔ እኮ ያለኝ አንድ ቁልፍ ነው። እሱም የሰው መኪና ቁልፍ።»

«ስራና አንጠልጥለው፣ ያንተ ይመስልሃል።»

ሰሩ። ግን ትልቅ ሰው ስራውን ጥሎ መጥቶ ማንጠልጠያ ብቻ ይዞ ቤቱ ሲገባ ያፍራል። ቀጥሎ ቀበቶ አለ። እዚህ ጋ ነው ጉዱ የፈላው። ቀበቶ ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት፤ ቢላውን እንዴት እንደሚያጋድሉት፣ የትኛው ጣት እንደሚመራ፣ ክንድ እንዴት ወደ ራስ እንደሚሳብ ማሳየት ያስፈልጋል።

«ቢላውን እንዲህ ይዛችሁ…» አለ ጋሽ ወስፌ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተኛች ድመት ተኝቷል።

«እንዴት ጋሼ?»

«እንዲህ ነዋ!»

«እንዴት እንዲህ?»

«እንዲህ! እ… ጋደም አርገህ፣ ግን ሳታጋድም። ገፋ አርገህ፣ ግን አትግፋ። ሳብ ነው።»

ተማሪዎቹ ተያዩ። «እንዲህ» የሚሉት ቃል እጅ ከሌለው ባዶ ቃል ነው። በግራው ሊያሳይ ሞከረ፤ ግራ እጁ ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ይዞ እንጂ ቆርጦ አያውቅም፣ ቢላውን እንደ ማንኪያ ነው የያዘው። የዚያን ቀን ቀበቶዎች እባብ ሆኑ። እትዬ ታይፕ ደግሞ የሷን ከጫፍ እስከ ጫፍ በስታው ወንፊት አስመስላዋለች።

«እትዬ፣ ምን አደረግሽ!»

«ለቀዳዳው ነዋ ጋሼ። ባሌ አንዳንዴ ይወፍራል፣ አንዳንዴ ይከሳል።»

«ቆዳ እኮ ማጥፊያ የለውም! አንዴ የበሳሽው ተበሳ፣ አንዴ የቆረጥሽው ተቆረጠ። ወረቀት አይደለም፣ አውጥተሽ ሌላ አታስገቢበትም!»

የመነጽር ቦርሳም ሞከሩ። ባለታክሲው ማስቲሹን ሱሪው ላይ ደፍቶ ከአግዳሚው ጋር ተጣበቀና ለማስነሳት ሁለት ሰው ጎተተው። ሲስቁ ዋሉ፤ የሚቀርብ ነገር ግን የለም። ኃላፊው በበሩ ብቅ እያለ «በመሠረቱ እንዴት ነው?» ይላል፤ ከትከሻው ኋላ ካስክ ይታያል።

ጋሽ ወስፌ ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተጋደመና ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር።

«ምን ሆነሃል?» አለች ሚስቱ።

«የማሰራቸው ጠፋኝ። የሚያቀርቡት ከሌለ እዚሁ ላስቲክሽ ላይ መቅረቴ ነው።»

«ሸበጥ አሰራቸዋ» አለች፣ ጎመን ከመክተፏ ቀና ሳትል። «ቁልፍ የሌለው አለ፣ መነጽር የሌለው አለ። እግር የሌለው ማን አለ?»

ጋሽ ወስፌ ከወንበሩ ቀና ብሎ አያት። ምን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ፣ ይቺ ሴት አንዳንዴ ትክክል እንደምትናገር እየረሳው ነው የሚከርመው። ሸበጥ! የእግር ልክ ሶል፣ ከላይ አንድ ሰፊ ማሰሪያ፣ ዳር ዳሩን ስፌት፣ አለቀ። የሱ የገዛ ሥራ ጫማ አይደል እንዴ!

በማግስቱ አልጋ ስር የተጠቀለለውን ቆዳ አስወጣት። ሱቁ ሲዘጋ ሁሉም ሲሸጥ እምቢ ብሎ ያስቀረው አንድ ቆዳ ነው፤ ወፍራም፣ ፊቱ እንደ ማር የሚያበራ፣ ጠባሳ ያልነካው። እጁ ከተመለሰ የሚሰራበት። እጁ እንደማይመለስ ያወቀ ዕለት እንኳ አልሸጠውም።

«ይሄን ለነሱ?» አለች ሚስቱ። «ለነዚያ ሱሪያቸውን ለሚያጣብቁት?»

«ለነሱ» አለ።

ካርቶኖቹንም አስወረዳት። በየእግሩ ቁጥር የተቆረጡ፣ በገመድ ተሰክተው ከምስማር ላይ የተንጠለጠሉ የሶል ቅርጾች ናቸው፤ ደህናው እጁ በደህናው ዘመን የቆረጣቸው። ለየቁጥሩ አንድ አንድ ካርቶን።

ያ የመቁረጫ ቀን! ቆዳው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ክፍሉ በቆዳው ሽታ ተሞላ። ባለታክሲው እንኳ አፉን ዘጋ። እያንዳንዱ የእግሩን ልክ ካርቶን ወሰደ።

«ጋሼ» አለች እትዬ ታይፕ፣ ካርቶኗን እያገላበጠች፣ «ይሄ የአንድ እግር ነው። የሌላውስ?»

«በዚያው ነው» አለ ጋሽ ወስፌ። «ሁለተኛውንም በዚያው ነው የምትቆርጪው።»

በዚያው ነው! ልብ አድርጉልኝ፣ ይቺን ቃል።

ካርቶኑን አስቀመጡ፣ በእርሳስ ዞሩ፣ ፈቀቅ አድርገው እንደገና አስቀመጡ፣ እንደገና ዞሩ። ቢላው የዚያን ቀን ቅቤ እንደሚቆርጥ ሄደላቸው፤ ከእባቡ ቀበቶ ወዲህ እጃቸው ተገርቶ ኖሯል። እትዬ ታይፕም ቀስ አለች። ቆዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አለቀ፣ የቀረው ፍርፋሪ ነው። ጋሽ ወስፌ እያነከሰ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲያልፍ «መምህር፣ ይሄንን እዩልኝ»፣ «ጋሼ፣ የኔስ?» ይሉታል። ዳሩን በግራ አውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ «ጥሩ ነው» ይላል። ጥሩም ነበር። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀና ብሎ ሄዶ አያውቅም።

አንደኛውን እግር እዚያው ክፍል ውስጥ እያስፈጋ አስጨረሳቸው። ማሰሪያው ከታች ጠበቅ፣ ስፌቱ ዳር ዳር። ሲያጠፉ እያስፈታ፣ ሲያለቅሱ እየተሳደበ። ለሁለተኛው ጊዜ አጠረ፤ ኃላፊው «በመሠረቱ ለሙከራ ያህል» ብሎ ግማሹን ሳምንት ለፀጉር ሥራዎቹ ሰጥቶባቸዋል። «ሁለተኛውን ቤታችሁ ጨርሱ። እንዳንደኛው ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ተለወጡ። እትዬ ታይፕ ስትገባ አይኗን መሬት መሬት ትላለች። «እንዴት ነው ሁለተኛው?» ሲላት «ደህና፣ ደህና» ብላ ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ትሸጉጣለች። ባለታክሲው፣ ያ ወሬኛ፣ ዝም። ሌሎቹም ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ቦርሳ የሚፈራ ይመስላሉ። እንደ ልቅሶ ቤት ሆነ።

ጋሽ ወስፌ ለሚስቱ «ሰለቹኝ መሰለኝ» አላት። «አዝነውልኝ ነው የሚመጡት እንጂ ሊተዉኝ ነው። ሰው ሲያዝንልሽ ታውቂያለሽ፤ አይን አይንሽን አያይም።»

«አንተ ደሞ! ሰድበሃቸው ይሆናላ።»

«ድሮ ስሰድብ ይስቁ ነበር።»

ምን ያድርግ? ሮጦ ቤታቸው አይሄድ፣ አይሰራላቸው። ወንበሩ ላይ ተጋድሞ የኤግዚቢሽኑን ቀን ጠበቀ።

ቀኑ ደረሰ። ሚስቱ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ቆልፋ፣ ጫማውን አስራ፣ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ነጭ ወረቀት ለብሰዋል። ኃላፊው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ይዞ ይዞራል። የቆዳ ክፍሉ ሸበጦች ተደርድረዋል፤ ያምራሉ! የማሩ ቀለም ያበራል፣ ስፌቱ ቀጥ ብሏል። የጋሽ ወስፌ ደረት ሞቀ።

ጠጋ ብሎ አየ። እንደገና አየ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ያለው አንድ ነጠላ ሸበጥ ነው። ጥንድ ያስቀመጠ አንድ ሰው የለም።

ባለታክሲውን በክርኑ ነካ አደረገው። «ሁለተኛውስ?»

«መኪና ውስጥ ነው፣ ጋሼ።»

«አምጣዋ!»

«ቁልፉ ጠፍቶብኝ…»

«ማንጠልጠያ አሰርቼህ የለ!»

ባለታክሲው ጆሮው ቀላ። ይሄኔ ኃላፊው እንግዶቹን ይዞ ደረሰ። አንዷ ወፈር ያሉ ሴትዮ አንዱን ሸበጥ አንስተው አገላበጡና «በጣም ቆንጆ ነው። ጥንዱን ልለካው?» አሉ።

«በመሠረቱ» አለ ኃላፊው፣ ሳል አድርጎ፣ «ጥንዱ የታለ?»

እትዬ ታይፕ ነች የፈነዳችው። ዕድሜዋን ሙሉ አለቃ ጠይቆ ሲጠብቅ ዝም ማለት ችላ አታውቅም። ቦርሳዋን ከፍታ ሁለተኛውን አወጣችና አጠገቡ ጣል አደረገችው። «የኔ ጥፋት ነው! ጋሼ በደንብ ነው ያስተማረን። እኔ ነኝ ደደቧ። ሁለቱንም የግራ አድርጌ ቆርጬዋለሁ!»

እውነትም ሁለቱም የግራ ነው። አውራ ጣት የሚያርፍበት ወደ አንድ ጎን፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሁለት ተከታታይ ሰልፈኛ።

«እንዴ!» አለ ባለታክሲው። «ያንቺም?»

«ምን ማለት ነው ያንቺም?»

ባለታክሲው ከኮቱ ስር አወጣ። መኪና ውስጥ አልነበረም። የግራ። ጥግ ላይ የቆመችው ሴት ከዘንቢሏ አወጣች። የግራ። አንዱ ከጋዜጣ ውስጥ ፈታ። የግራ። እያንዳንዱ ቤቱ ሰፍቶ ሲጨርስ እግሩ አልገባ ብሎት፣ እኔ ብቻ ነኝ ያበላሸሁት ብሎ፣ አፍሮ፣ ደብቆ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ሸሽጎ ነው የከረመው። አሁን ጠረጴዛው ሙሉ የግራ እግር ሆነ፤ ቀኝ የሌለው ሠራዊት።

ሴትዮዋ ሊይዙት ሞከሩ፣ አልቻሉም፣ ሳቃቸው አመለጠ። ተማሪዎቹም ሳቁ፤ ከእፎይታ የመጣ ሳቅ ነው። «እኔን ብቻ መስሎኝ ሌሊት ሳለቅስ ያደርኩት!» አለች ባለዘንቢሏ።

ጋሽ ወስፌ አልሳቀም። ጠረጴዛውን ያያል። አንድ ካርቶን ለሁለት እግር፤ የግራውን ከቆረጡ በኋላ ካርቶኑ ይገለበጣል፣ ያኔ የቀኝ ይሆናል። ቆዳ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፤ ካርቶን ካልተገለበጠ ሁለት የአንድ ወገን ነው የሚወጣው። ይሄን ማን የማያውቅ አለ? እሱ በዕድሜው ስንት ሺህ ጊዜ ገልብጧል። ግን ገልብጡ ብሎ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለሱም የነገረው የለም፤ አጎቱ ሲሰራ ከጎኑ ቁጭ ብሎ እጁን ሲያይ ነው የለመደው። እጁ ነው የሚገለብጠው። ሳያስበው፣ እየተሳደበ፣ እየሳቀ፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቀ፣ እጁ ብቻውን ይገለብጠዋል።

ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን አየው። ተንጠልጥሏል። ለካስ አንተ ነህ የምታውቀው የነበረው፤ እኔማ ምን አውቃለሁ።

«በመሠረቱ» አለ ኃላፊው በቀስታ፣ «ይሄ… ዲዛይኑ ነው?»

ባለታክሲው ዘሎ «አዎ! ዲዛይን ነው! ዘመናዊ!» አለ።

«አይደለም» አለ ጋሽ ወስፌ። «የኔ ጥፋት ነው። አልነገርኳቸውም።»

«ነግረኸናል ጋሼ! እኛ ነን ያልሰማነው!»

«አልነገርኳችሁም።»

እትዬ ታይፕ ኃላፊውን ክንዱን ይዛ «ልጄ፣ ሌላ ቆዳ ስጠን፣ በዚህ ሳምንት የቀኙን ሰርተን እናመጣለን፤ አሁን ገብቶናል» አለችው። ኃላፊው አንገቱን ነቀነቀ። ልጁም ክፉ አይደለም፣ ሲናገር ክራባቱን እያሻሸ ነው። ቆዳ የለም። በጀቱ አልቋል። የተባለው ያለቀለት ሥራ ነው። ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ ለፀጉር ሥራ ነው። በመሠረቱ አባቴ፣ ስለ ልፋትዎ እናመሰግናለን።

«አንተ ልጅ» አለች ሚስቱ፣ እስካሁን ዝም ያለችው፣ «ያቺን ክራባት ማን ነው ያሰረልህ?»

«እ… እናቴ።»

«በል በርታ» አለችና ባሏን ክንዱን ያዘች። ሌላ ምን ትበል? አፍ ቢኖርም ለዚህ አፍ አይሆንም። ሲወጡ ካስኮቹ ወደ ክፍሉ እየተንከባለሉ ይገቡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ነው። ጠዋት ወንበር፣ ከሰዓት ወንበር። አንድ ቅዳሜ ባለታክሲውና እትዬ ታይፕ ሌሎቹን ወክለው መጡ። በጆንያ ሸበጦቹን ይዘዋል።

«ምን ላድርገው?» አለ ጋሽ ወስፌ።

«እኛ ጋ ምን ያደርጋል ጋሼ» አለ ባለታክሲው፣ «የቀኙ ለሁላችንም ነው የጎደለን። ላንተ ግን ያው ደህናው እግርህ የ—» አለና ምላሱን ነከሰ። እትዬ ታይፕ በክርኗ ጎኑን ወጋችው፣ ጧ።

ጋሽ ወስፌ ግን ሳቀ። ከኤግዚቢሽኑ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። «እውነቱን ነው፣ ተዪው። ለዕድሜ ልክ የሚበቃ የግራ ጫማ አለኝ። ሱቅ ብከፍት ይሻለኛል፤ ለአንድ እግር ብቻ።»

ትንሽ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ። ለሚቀጥለው ምን ምን ሊሰሩ አስበው እንደነበር አወሩ፤ ቦርሳ፣ የመኪና ወንበር ልብስ። ባለታክሲው ወንበሩን ደባብሶ «ይሄ ቆዳ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወስፌ ሻዩን ፉት አለ። ኋላ ሄዱ።

ሚስቱ ጆንያውን ገልብጣ በእግሩ ልክ የሆኑ ሁለት መረጠች። ተንበርክካ የግራውን በግራ እግሩ አገባችለት። ልክክ አለ፣ የባለታክሲው ሥራ ነው፣ ዳሩ ላይ ስፌቱ ትንሽ ዘልሏል እንጂ ይመቻል። ከዚያ ሁለተኛውን ወሰደችና በቀኙ አስገባችለት። እሱም የግራ ነው። አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ ተጣበበ፣ በወዲያኛው በኩል ትንሿ ጣት ከሶሉ ወጥታ ተንጠለጠለች።

«ቆነጠጠህ?» አለችው ቀና ብላ።

«የትኛው?»

«የቀኙ ነዋ።»

ጋሽ ወስፌ እግሩን አየው። ጣቶቹ ተጨማድደዋል።

«እሱን ጠይቂው» አላት። «ለኔ አይነግረኝም።»

ጠየቀችው መሰለ፣ ጎንበስ ብላ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከሶሉ የተንጠለጠለችውን ትንሿን ጣት በአመልካች ጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ጣቷን ስታነሳ ትንሿ ጣት ተመልሳ ወጣች።